በወር አንድ ሌሊት ስጡን፦ ስለ ሰርቨሮቻችን ከርነል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የዩኒቨርሲቲዎችና የሆስፒታሎች የበላይ ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ በየሰርቨር ክፍሉ ለሚሠሩ ባልደረቦቼ
ጉዳዩ፦ ሊኑክስ ሰርቨሮችን አዘምኖ ለማስነሣት የተወሰነ ጊዜ እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሊኑክስ በተባለው ስርዓተ ክወና የሚሠሩ ሰርቨሮችን ማስተዳደር ከጀመርኩ አሥራ ሦስት ዓመት አልፎኛል። አብዛኞቻችሁ ስሜን አታውቁትም፤ በሥራዬ ግን በየቀኑ ትገለገላላችሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ አዲስ ማሽን ግዙልን ለማለት አይደለም። የምጠይቀው ሰዓት ነው፤ በወር አንድ ሌሊት። ለምን ይህን ያህል አጥብቄ እንደምጠይቅ ለማስረዳት አንድ የደረሰብንን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ተቋም የሠራተኞችን ደመወዝና የንብረት መዝገብ የሚይዝ ሰርቨር ነበር። ከ700 ቀናት በላይ አንድም ጊዜ ሳይጠፋ ሠርቷል። አለቆቻችን በዚህ ቁጥር ይኮሩ ነበር፤ በሩብ ዓመት ሪፖርት ላይም እንደ ውጤት ይጻፍ ነበር። እኛ የክፍሉ ሠራተኞች ግን ቁጥሩ በጨመረ መጠን ፍርሃታችን ይጨምር ነበር። ማሽኑ የደኅንነት ማሻሻያዎችን በራሱ እያወረደ እንዲጭን ተደርጎ ተዘጋጅቷል፤ አዳዲስ ከርነሎችም (ከርነል የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው፤ ወደ በኋላ አስረዳለሁ) እየመጡ ዲስኩ ላይ ይደረደራሉ። አጥፍተን እንድናስነሣው ግን አልተፈቀደልንም። ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠየቅን። ሦስቱንም ጊዜ የተሰጠን መልስ «አሁን ሥራ ይበዛል፤ ሌላ ጊዜ» የሚል ነበር።

ያ «ሌላ ጊዜ» ማንንም ሳያስፈቅድ መጣ። አንድ ሐሙስ ቀን መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ለመነሣት ዘገየ፤ የኃይል መጠባበቂያው ባትሪም አርጅቶ ስለነበር ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልያዘም። መብራቱ ሲመለስ ሌሎቹ ማሽኖች ተነሡ። እሱ ግን ዋናውን የዲስክ ክፍል ማግኘት አልቻልኩም የሚል መልእክት በጥቁሩ ስክሪን ላይ ጽፎ ቆመ። ሳምንቱ የደመወዝ ሳምንት ነበር።

የሆነው ይህ ነው። በዚያ ሰርቨር ላይ ከርነሎች የሚቀመጡበት «ቡት» የሚባለው የዲስክ ክፍል ጠባብ ነበር። ያለፉትን ከርነሎች የሚያጸዳ ስላልነበረ ሞላ። የመጨረሻው ከርነል ሲጫን ራሱ ገባ፤ ሲነሣ ዲስኩን ለማንበብ የሚያስፈልጉትን ነገሮች የያዘው ተጓዳኝ ፋይል ግን ቦታ አጥቶ በወጉ ሳይጻፍ ቀረ። ማሽኑ ለወራት ሲሠራ የቆየው በአሮጌው ከርነል ስለሆነ ይህ ጉድለት አልታየም ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ እንደ ልማዱ አዲሱን መረጠ፣ ዲስኩን ማንበብ አቃተው፣ ቆመ። መፍትሔው ከመነሻው ዝርዝር ውስጥ ቀዳሚውን ከርነል መምረጥ ብቻ ነበር፤ ምን እንደሆነ ከገባን በኋላ አምስት ደቂቃ አልፈጀብንም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነበር የከፋው። ማሽኑ ተነሣ፤ አገልግሎቱ ግን አልተነሣም። በእነዚያ 700 ቀናት ውስጥ አንድ ሰው የኔትወርክ መስመር በእጁ ጽፎ አስገብቷል፤ በፋይል ላይ አላስቀመጠውም። ሌላው አንድ ፕሮግራም በእጁ አስነሥቶ ትቶታል፤ ማሽኑ ሲነሣ አብሮ እንዲነሣ አላዘዘውም። ሁለቱም መሥሪያ ቤቱን ለቀው ሄደዋል። ያደረጉትን ለማወቅ እስከ ማግስቱ ፈለግን። ያ የተኮራንበት የቀናት ቁጥር ለካ ያን ሁሉ ጉድለት ሸፍኖ ይዞልን ኖሯል።

በመጨረሻ የቀረበው ሪፖርት «በዝመና ምክንያት የተፈጠረ ብልሽት» አለ። ተከትሎ የመጣው ትእዛዝ ደግሞ ዝመናው በሁሉም ሰርቨሮች ላይ እንዲዘጋ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ማሽኑን የጣለው ዝመናው አልነበረም፤ በመረጥነው ሌሊት፣ ባለሙያዎቹ አጠገቡ ቆመው ማስነሣት ሲቻል መብራት እስኪጠፋ መጠበቃችን ነው የጣለው። በአገራችን ሰርቨሩ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ቀኑን እኛ እንምረጠው ወይስ የመብራት መቋረጥ ይምረጥልን የሚለው ነው።

ስለ ከርነል ጥቂት ልበል፤ ከእናንተ መካከል ቃሉን በሪፖርት ላይ ብቻ ያያችሁት ትኖራላችሁ። ከርነል በማሽኑ አካልና በላዩ በሚሠሩት ፕሮግራሞች መካከል የተቀመጠ የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው። ፕሮግራም ፋይል ሲከፍት፣ ሜሞሪ ሲፈልግ፣ በኔትወርክ መልእክት ሲልክ የሚጠይቀው ከርነሉን ነው። ማን የማንን ፋይል ማንበብ እንደሚችል፣ ማን መንካት እንደማይችል የሚወስነውም እሱ ነው። በአንድ ፕሮግራም ላይ ያለ ክፍተት የአንድ ክፍል በር እንደ መሰበር ነው። በከርነሉ ላይ ያለ ክፍተት ግን የግቢው ዘበኛ ራሱ እንደ መደለል ነው፤ ከዚያ በኋላ የትኛው በር ተቆልፏል ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም።

የሊኑክስን ከርነል ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1991 ጀመረው። (በዚህ ደብዳቤ ለብቻው ካልጠቀስኩ በስተቀር ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ በአንድሮይድ ስልኮቻችሁ ውስጥ አለ፤ ከኖቬምበር 2017 ጀምሮም በዓለም ፈጣን ተብለው በሚመዘገቡት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች ላይ ሁሉ የሚሠራው ሊኑክስ ነው። አዲስ ዋና እትም በየዘጠኝና በየአሥር ሳምንቱ ይወጣል፤ በመካከል ደግሞ የጥገና እትሞች ይከታተላሉ። ይህን ያህል ሰፊ ሥራ፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚጽፉት፣ ስህተት አያጣም። የሚያስመሰግነው ስህተቱ ሲገኝ ጥገናው የሚደርስበት ፍጥነት ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ ታሪክ አለ፤ ወጣት ባለሙያዎችን ሳሠለጥን ሁልጊዜ የምተርከው ነው። ማክስ ኬለርማን የተባለ ፕሮግራመር ድረ ገጾችን በሚያስተናግድ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። በአፕሪል 2021 አንድ ደንበኛ ያወረድኩት የመዝገብ ፋይል አልከፈት አለኝ ብሎ አመለከተ። ኬለርማን ፋይሉን አስተካክሎ ጉዳዩን ዘጋው። ያው አቤቱታ ግን በየጊዜው ተመላለሰ። በኋላ ላይ የተበላሹትን ፋይሎች አሰልፎ ሲያይ አብዛኞቹ የወሩ የመጨረሻ ቀን ፋይሎች ሆነው አገኛቸው። ያችን ፍንጭ ይዞ ቆፈረ፣ የራሱን ፕሮግራሞች ጠረጠረ፣ በመጨረሻም በፌብሩዋሪ 19 ቀን 2022 ጥፋቱ የከርነሉ የራሱ መሆኑን አረጋገጠ። በማግስቱ ለከርነሉ የደኅንነት ቡድን ጻፈ። በ23ኛው ቀን ጥገናውን የያዙ እትሞች ወጡ። ሦስት ቀን ብቻ ነው የፈጀው። ማርች 7 ደግሞ ጉዳዩ «ደርቲ ፓይፕ» በሚል ስም ለሕዝብ ይፋ ሆነ።

ክፍተቱ በ2020 ከወጣው 5.8 እትም ጀምሮ የነበረ ነው። ምን ያስችል ነበር? ማሽኑ ላይ አካውንት ያለው ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ፣ የማንበብ ፈቃድ ብቻ በተሰጠው ፋይል ላይ እንዲጽፍ ያስችለው ነበር። የተጠቃሚዎች መዝገብ ላይ ጭምር። ወደ ዩኒቨርሲቲ አምጥታችሁ አስቡት፦ ለተግባር ትምህርት አካውንት የተሰጠው ተማሪ ሁሉ የሰርቨሩ ጌታ መሆን ይችላል ማለት ነው። ጉዳዩ ይፋ ከሆነበት ዕለት ጀምሮ ማጥቂያው በማንም እጅ ይገኛል። ጥገናውን የጻፉት ሰዎች ድርሻቸውን በሦስት ቀን ጨረሱ። በእኛ ማሽኖች ላይ ግን ጥገናው ዲስክ ላይ ተጭኖ «ሌላ ጊዜ» የሚለውን መልስ እየጠበቀ ስንት ወር ተቀመጠ?

ከዚያ በፊትም «ደርቲ ካው» የተባለ ክፍተት ነበር። በ2007 ከርነሉ ውስጥ ገብቶ እስከ ኦክቶበር 2016 ድረስ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተቀምጧል። በታወቀበት ጊዜ አጥቂዎች አስቀድመው ይጠቀሙበት ነበር። እንዲህ ያሉ ነገሮችን የምጠቅሰው ለማስፈራራት አይደለም። ዛሬ ደህና ነው ብለን የተውነው ማሽን ነገ አንድ ሰው በሚያገኘው ግኝት ምክንያት ሳይነካ፣ ሳይለወጥ፣ በተቀመጠበት ተጋላጭ እንደሚሆን እንድታዩልኝ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ብዙ ኃላፊዎች «ዝመናው ተጭኗል ወይ?» ብለው ይጠይቁናል፤ «አዎ» እንላለን፤ እነሱም ይረካሉ። መልሱ እውነት ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ከርነል ወደ ሜሞሪ የሚገባው ማሽኑ ሲነሣ ነው። ከዚያ በኋላ ዲስኩ ላይ አሥር አዳዲስ ከርነሎች ቢቀመጡ እንኳ የሚሠራው ያ የመጀመሪያው ነው። መድኃኒቱን ገዝቶ በኪሱ ይዞት የሚዞር በሽተኛ ታከመ አይባልም። ሊኑክስን አዘጋጅተው ከሚያከፋፍሉት አንዱ የሆነው ኡቡንቱ ይህን ከእኛ አይደብቅም፤ ወደ ሰርቨሩ ስንገባ ማሽኑ ዳግም መነሣት እንደሚያስፈልገው የሚናገር መስመር ግራና ቀኙ በኮከብ ታጅቦ ይቀበለናል። ያን መስመር ለሁለት ዓመት በየጠዋቱ ያነበበ ሰው ምን እንደሚሰማው የሚያውቀው የደረሰበት ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁን እንድትለውጡት እለምናችኋለሁ። «ተጭኗል ወይ?» አትበሉን። «አሁን እየሠራ ያለው የትኛው ከርነል ነው? መቼ ተነሣ?» በሉን። ሁለቱም እያንዳንዳቸው በአንድ መስመር ትእዛዝ የሚታዩ ናቸው፤ ለመመለስ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከፈጀብን የሚጠየቀው የእኛ ሥራ ነው።

ማሽኑን ሳያጠፉ ከርነሉን መጠገን አይቻልም ወይ የሚል ሰው ይኖራል። ይቻላል። ከ2015ቱ 4.0 እትም ጀምሮ የሚሠራውን ከርነል እዚያው ሜሞሪ ላይ ለመጠገን የሚያስችል መሠረት በሊኑክስ ውስጥ አለ፤ ኡቡንቱም ሌላው አከፋፋይ ሬድ ሃትም አገልግሎቱን ይሰጣሉ። ለሆስፒታል፣ ለማይቆም ሥራ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ተጠቀሙበት። ነገር ግን ሁሉንም ጥገና አይሸፍንም፤ በዋነኛነት የሚያገለግለው ለከባዶቹ የደኅንነት ክፍተቶች ነው፤ ለእያንዳንዱ ከርነልም አገልግሎቱ የሚቆይበት ጊዜ የተወሰነ ነው። የሚሰጠን ትልቁ ነገር ፋታ ነው፦ ዛሬ ሌሊት ማድረግ የነበረብንን ለተቀጠረው ሌሊት ማሸጋገር። የተቀጠረ ሌሊት ከሌለ ግን ፋታው ወዴት ያሸጋግረናል?

በዚህ አጋጣሚ ኦዲተሮችን የሚያሳስት አንድ ነገር ላንሣ። ማዘመን ሲባል የግድ ትልቅ ቁጥር ያለውን አዲስ ከርነል ማምጣት ማለት አይደለም። ኡቡንቱ 22.04 በ5.15 ከርነል ወጥቷል፤ በዚያው ቁጥር ላይ ለዓመታት ይቆያል። በየጊዜው የሚገኙትን ጥገናዎች የኡቡንቱ ሰዎች ወደዚያው ወደ ድሮው እትም መልሰው ያስገቧቸዋል፤ የሚለወጠው ከነጥቡ በኋላ በሰረዝ ተለይቶ የሚመጣው የራሳቸው ቁጥር ነው። ዴቢያንም ሬድ ሃትም በየራሳቸው መንገድ እንዲሁ ያደርጋሉ። ስለዚህ 5.15 የሚለውን አይቶ «አሮጌ ነው» ብሎ መፍረድም፣ 6 ብሎ የሚጀምር ቁጥር አይቶ «ደህና ነው» ማለትም ስህተት ነው። አንድ ጊዜ አንድ መርማሪ በዚህ ምክንያት ከርነሉን ከየትም አምጥተን በእጃችን እንድንቀይር በጽሑፍ አዘዘን። ቢፈጸም ኖሮ ከአከፋፋዩ ጥገና መስመር ወጥተን ለእያንዳንዱ ቀጣይ ክፍተት ብቻችንን እንቀር ነበር። ደግነቱ አለቃዬ በትዕግሥት አዳመጠኝ፤ ለዚያም እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ቁጥሩ በእርግጥ አሮጌ የሚሆንበት ቀን ግን አለ፤ እሱም አስቀድሞ የሚታወቅ ነው። ከሬድ ሃት ቤተሰብ የሆነው ሴንትኦኤስ 7 ጁን 30 ቀን 2024 ድጋፉ አብቅቷል። ሴንትኦኤስ 8 ከዚያም ቀድሞ በ2021 መጨረሻ ተዘግቷል፤ ያም ከታሰበለት ዓመታት ቀድሞ በመሆኑ ብዙዎቻችንን አስደንግጦ ነበር። የኡቡንቱ 18.04 መደበኛ ድጋፍ በሜይ 2023፣ የ20.04ም በሜይ 2025 አልቋል። ለኡቡንቱ በተጨማሪ ውል የሚራዘም ድጋፍ አለ፤ ለሴንትኦኤስ ተጠቃሚ ደግሞ አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ በዚያው ቤተሰብ ውስጥ የተዘጋጁ መሸጋገሪያዎች ናቸው። እነዚህ ቀኖች በዓመት እቅዳችሁ ውስጥ እንደ ሕንፃ ኪራይ ውል ማብቂያ ሊጻፉ ይገባቸዋል። በእኔ ልምድ ግን ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው ስብሰባ የሚጠራው።

ሌሊቱን ብትሰጡን ምን እናደርግበታለን? ይህን በግልጽ ልንገራችሁ፤ ፈቃድ የምትሰጡት ለምታውቁት ነገር ይሁን። ቀን ላይ መጠባበቂያ ቅጂው መወሰዱን ብቻ ሳይሆን ተመልሶ መከፈቱን እናያለን፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂን ቅጂ ብዬ አልጠራም። ማሻሻያው ከሳምንት በፊት በሙከራ ማሽን ላይ ተጭኖ ቆይቷል። ቡት የሚባለው ክፍል ቦታ እንዳለው እናረጋግጣለን፤ ጊዜ ያለፈባቸውን ከርነሎች እናጸዳለን፤ ቀዳሚውን ግን ሁልጊዜ እንተወዋለን። አዲሱ ካልተስማማ ከመነሻው ዝርዝር ድሮውን መርጦ መመለስ የሚቻለው እሱ ሲኖር ነው። ከአከፋፋዩ ውጭ የመጡ ድራይቨሮች (የማሽኑን ዕቃዎች ከከርነሉ ጋር የሚያገናኙ ፕሮግራሞች) ካሉ፣ የስክሪን ካርድም ሆነ የዲስክ መቆጣጠሪያ፣ ለአዲሱ ከርነል ተሠርተው መጠናቀቃቸውን እናያለን፤ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግሩት እነሱ ናቸው። ምናባዊ ማሽን፣ ማለትም በሌላ ማሽን ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ከሆነ፣ የዚያን ሰዓት ሁኔታውን ቀድተን እንይዛለን። ከዚያ አጥፍተን እናስነሣለን፣ አገልግሎቶቹ በራሳቸው መነሣታቸውን አንድ በአንድ እንቆጥራለን፣ ያልተነሣ ካለ እዚያው ሌሊት እናስተካክላለን። ሁሉ ነገር በደህና ከሄደ ማሽኑ የሚቋረጠው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የምንጠይቀው ላልሄደበት ጊዜ ነው።

ሌሊት ስል የእኛን ሰዓት ማለቴ ነው፤ ቀላል ቢመስልም ብዙ ሰው ያሳሳተ ነገር ስለሆነ ልናገረው። ሰርቨሮች በራሳቸው እንዲነሡ ሰዓት መስጠት ይቻላል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ለማለት 8 ብሎ የጻፈ ባለሙያ ማሽኑን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ሥራ ሲጀምር ያስነሣዋል። የማሽኑ ሰዓት ወደ አዲስ አበባ ሳይስተካከል በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ላይ ተትቶ ከነበረ ደግሞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ተገልጋዩ በወረፋ ቆሞ ሳለ ይሆናል። ትክክለኛው በእኛ ሰዓት ለተስተካከለው ማሽን 2፣ ላልተስተካከለው 23 ነው። የፈቃድ ደብዳቤያችሁ ላይ ሰዓቱን ስትጽፉ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉልን።

ስለ ኢንተርኔት መጠንም እንነጋገር፤ የሚነሣብን ሌላው ምክንያት እሱ ነውና። አንድ የኡቡንቱ ከርነል ከነተጓዳኞቹ ከመቶ ሜጋባይት ሊበልጥ ይችላል። አርባ ማሽን ያለው ተቋም አርባውም በየራሱ ቢያወርድ መስመሩ መጨናነቁ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ አሮጌ ማሽን መድባችሁ ማሻሻያውን አንድ ጊዜ አውርዶ ለሌሎቹ በግቢው ኔትወርክ እንዲያድል ማድረግ ይቻላል። ፕሮግራሙ በነፃ ይገኛል፤ ማዋቀሩም የአንድ ቀን ሥራ ነው። ጥቅሎቹ በአከፋፋዩ ዲጂታል ፊርማ ስለሚረጋገጡ፣ በመካከል ያለው ማሽን ቢነካካቸው ተቀባዮቹ አይቀበሏቸውም። በአንድ ከተማ ያሉ ተቋማት ተባብረው ለጋራ ቢያቆሙት ደግሞ የበለጠ ያተርፋሉ።

ከባዱ ነገር ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ሶፍትዌር የሚሸጡልን ድርጅቶች ዘንድ። «ስርዓታችን የሚሠራው በዚህ ከርነል ላይ ብቻ ነው፤ ብትነኩት ዋስትናው ይፈርሳል» የሚል አንቀጽ ያለባቸውን ውሎች አይቻለሁ። ከርነሉ ፕሮግራሞችን የሚያገለግልበትን መንገድ እንዳያፈርስ የሊኑክስ አዘጋጆች ለዓመታት በጥብቅ ሲጠብቁት የኖሩት ደንብ ነው፤ ስለዚህ በተለመደው የደኅንነት ጥገና የሚሰበር ተራ የመዝገብ ሶፍትዌር ካለ መጀመሪያ የሚመረመረው ሶፍትዌሩ ነው። እባካችሁ እንዲህ ያለ ውል አትፈርሙ። በምትኩ ሻጩ ማሻሻያ በወጣ በተወሰነ ቀን ውስጥ ሞክሮ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ የሚያስገድድ አንቀጽ አስገቡ። ጨረታ ስታወጡ የሰርቨር ክፍል ባለሙያ አጠገባችሁ ይቀመጥ፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ የምናሰማው ጩኸት የትም አይደርስም።

ሕጉም አለ። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰዎችን መረጃ የያዘ ተቋም መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። ጥገናው ወጥቶ፣ ተጭኖ፣ ማሽኑ ሳይነሣ በመቅረቱ ብቻ የሕሙማን ወይም የተማሪዎች መዝገብ ቢወሰድ፣ ለባለመረጃው ምን ብለን እንመልሳለን? በ2017 በአሜሪካ ኢኩፋክስ በተባለው የብድር መረጃ ድርጅት ላይ የደረሰውን አስታውሱ። መግቢያ የሆነው ክፍተት በከርነሉ ላይ ያለ አልነበረም፤ አፓቼ ስትረትስ በተባለ የድረ ገጽ ሶፍትዌር ላይ ነበር። ጥገናው ግን በማርች ወጥቷል፤ አጥቂዎቹ በሜይ ገቡ። ወደ 147 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረጃ ወጣ። ጥገናው በእጃቸው ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው አባባል ለእንዲህ ያለው ጉዳይ የተነገረ ይመስለኛል።

ለባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ፤ ግልባጩን ለእናንተ ያደረግኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ፈቃድ ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ በማይገባ ቋንቋ ጽፈን እንልካለን፤ የእትም ቁጥር ደርድረን፣ ክፍተቱን በኮድ ስሙ ጠርተን። ደብዳቤው የሚደርሰው ሰው የሚፈልገው ምን ያህል ይቋረጣል፣ ማን ይጎዳል፣ ቢበላሽ በምን ያህል ጊዜ ይመለሳል የሚለውን ነው። እሱን እንጻፍ። ያደረግነውን ሁሉ መዝግበን እንተው፤ ነገ ብንለቅ የሚመጣው ልጅ ያን የ700 ቀን ማሽን እንዳይወርስ። በእጃችን አስነሥተን የተውነው ፕሮግራም፣ በፋይል ያላስቀመጥነው የኔትወርክ መስመር ካለ ዛሬውኑ እናስተካክል። የማሽኑን የቀናት ቁጥር እንደ ሜዳልያ ማሳየትም ይብቃን፤ አለቆቻችን በዚያ ቁጥር መኩራትን የተማሩት ከእኛ ነው።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ የምለምናችሁን አሳጥሬ አልደግመውም፤ ከላይ ተጽፏል። ለየተቋማችሁ የሚመቸውን ሌሊት እናንተ ታውቃላችሁ። ለዩኒቨርሲቲ ከፈተናና ከምዝገባ የራቀ ሌሊት፣ ለመሥሪያ ቤት ከደመወዝ ሳምንት ውጭ ያለ የቅዳሜ ሌሊት ሊሆን ይችላል። ለሆስፒታል ከተረኛ ሐኪሞችና ነርሶች ጋር ተመክሮበት፣ በወረቀት የሚሠራበት ቅጽ አስቀድሞ ታድሎ፣ ማሽኖቹ በተራ በተራ የሚነሡበት ሌሊት ይሁን። በዚያ ሌሊት የሚሠሩት ልጆች የትራንስፖርትና የትርፍ ሰዓት ክፍያቸው ይታሰብላቸው። የኃይል መጠባበቂያው ባትሪም በዚያው ሌሊት ይፈተሽ። በተፈቀደው ሰዓት አንድ ማሽን ባይነሣ ደግሞ መጀመሪያ «ማን አጠፋው?» ብላችሁ አትደውሉልን፤ ችግሩ ሰው በሌለበት ሰዓት ሳይሆን እኛ አጠገቡ ቆመን ሳለን ተገኝቷል ማለት ነው።

ለዚህ ደብዳቤ ከእያንዳንዳችሁ የምጠብቀው መልስ አንድ መስመር ነው፦ ቀኑና ሰዓቱ።

ከሰላምታ ጋር

አንድ የሊኑክስ ሰርቨር አስተዳዳሪ
አዲስ አበባ